ሥዕል የማይሥለው የአኒሜሽን ዳይሬክተር፦ ስለ ኢሳኦ ታካሃታ እንነጋገር

የመነሻው ጽሑፍ

እዚህ ስለ ጃፓን አኒሜሽን ወሬ በተነሳ ቁጥር የምንጠራው ሀያኦ ሚያዛኪን ነው። እኔም እወደዋለሁ። ዛሬ ግን ከሃምሳ ዓመት በላይ የሥራ ጓደኛው ስለነበረው ስለ ኢሳኦ ታካሃታ ማውራት ፈለግሁ። እምነቴን በግልጽ ላስቀምጥ፦ ከሁለቱ ሰውን አብጠርጥሮ ያየው ታካሃታ ነው። ያውም ሥዕል የማይሥል ሰው ሆኖ። (ካልገለጽኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ታካሃታ በ1935 ጃፓን ውስጥ ሚኤ በሚባለው ግዛት ተወለደ። አባቱ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነበሩ። ከሰባት ልጆች የመጨረሻው እሱ ነው። ጁን 29 ቀን 1945 የአሜሪካ አውሮፕላኖች ቤተሰቡ ይኖርባት የነበረችውን የኦካያማን ከተማ በእሳት ቦምብ አነደዷት። ከ1,700 በላይ ሰው አለቀ። የዘጠኝ ዓመቱ ታካሃታ በለሊት ልብሱ፣ በባዶ እግሩ፣ ከአንዲት እህቱ ጋር በሚነደው ከተማ ውስጥ ሮጦ አመለጠ።

አድጎ ቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ገባና የፈረንሳይ ሥነ ጽሑፍ አጠና። እዚያ እያለ ፖል ግሪሞ የተባለው ፈረንሳዊ የሠራውን፣ ገጣሚው ዣክ ፕሬቬር የጻፈውን የአኒሜሽን ፊልም አየ። በሥዕል እንዲህ ያለ ትልቅ ሐሳብ መናገር እንደሚቻል የገባው ያኔ ነው። በ1959 ቶኤ በሚባለው ስቱዲዮ በረዳት ዳይሬክተርነት ተቀጠረ። ከብዙ ዓመት በኋላ የፕሬቬርን ግጥሞች ራሱ ወደ ጃፓንኛ ተርጉሟል።

በ1988 ያወጣውን «ግሬቭ ኦፍ ዘ ፋየርፍላይስ» ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል፤ አልቅሳችሁበታልም። በጦርነቱ መጨረሻ ኮቤ ከተማ አካባቢ ብቻቸውን የቀሩ የሁለት ልጆች ታሪክ ነው፤ የ14 ዓመቱ ሴይታ እና የአራት ዓመቷ እህቱ ሴትሱኮ። ሁሉም ሰው ፀረ ጦርነት ፊልም ይለዋል። ታካሃታ ግን በሕይወት እስካለ ድረስ ይህን ስም አልተቀበለም። ጥያቄዬ እዚህ ላይ ነው። ለምን ይመስላችኋል? ደግሞስ ሴይታን እንዴት ታዩታላችሁ?

መልሶቹ ብዙ ስለሆኑ ዘግይቶ ለሚመጣ አንባቢ በተራ ቁጥራቸው ልተርክላችሁ።

1. የመጀመሪያዋ መላሽ በጣም ትሁት ነበረች። ፊልሙን ከዓመታት በፊት ብታየውም እስከ ዛሬ የሚያዛኪ ሥራ ይመስላት እንደነበር ጻፈች። አመስግናኝ ሄደች።

2. ሁለተኛው እሷን ለማረም መጣ፤ ግን በፍቅር ነው ያረማት። መምታታቱ የእሷ ብቻ እንዳልሆነ አስረዳ። የሚያዛኪ «ቶቶሮ» እና «ፋየርፍላይስ» አፕሪል 16 ቀን 1988 በአንድ ቀን፣ በአንድ ትኬት ነው የወጡት። «ቶቶሮ» ብቻውን ገንዘብ አያመጣም ተብሎ ስለተፈራ ከሌላ ፊልም ጋር ተጣመረ። የ«ፋየርፍላይስ»ን ታሪክ ያሳተመው ሺንቾሻ የተባለው ትልቅ ማተሚያ ቤት ገንዘቡን ይዞ ገባ። ልጆቻቸውን በትልቁ ለስላሳ ፍጥረት ሊያስደስቱ የወጡ ወላጆች በዚያው ወንበር ላይ ሕፃን በረሃብ ስትሞት አዩ። ይህ መላሽ ያንን ቀን እያሰበ ዛሬም እንደሚጨንቀው ተናገረ። እኔም ያው ነኝ።

3. አዲስ አበባ ውስጥ ማስታወቂያ የሚሠራ አኒሜተር ነው። ከሁሉም ጠቃሚው መልስ የሱ ይመስለኛል። ሥዕል የማይሥል ዳይሬክተር ምን እንደሚሠራ በዝርዝር አስረዳን። ታካሃታ የሚሥሉትን ሰዎች የሚጠይቃቸው ጥያቄ ነበረው። ልጅ ጫማ ስታደርግ ክብደቷ የት ላይ ነው? ሰው የማያውቀውን ምግብ ሲቀምስ ፊቱ ላይ መጀመሪያ የሚንቀሳቀሰው ምንድን ነው? ለምሳሌ በ1991ዱ «ኦንሊ የስተርደይ» ውስጥ አንድ ቤተሰብ በ1966 ለመጀመሪያ ጊዜ አናናስ ገዝቶ ቤት ያመጣል። እንዴት እንደሚቆረጥ እንኳ ማንም አያውቅም። ተቆርጦ ይቀመሳል። ሁሉም እንደጠበቁት አይሆንላቸውም፤ ግን ማንም ደፍሮ መናገር አይፈልግም። ድራማ የሚባል ነገር የለበትም፤ ሆኖም ዓይን አያስነቅልም። በዚሁ ፊልም የትልልቆቹን ሰዎች ድምፅ አስቀድሞ ቀድቶ ሥዕሉን በድምፁ ላይ አሠራ። ሲስቁ የጉንጫቸው ጡንቻ መስመር እንኳ ይታያል። በጊዜው የጃፓን አኒሜሽን እንዲህ አይሠራም ነበር።

4. እዚህ ላይ ውይይቱ ሞቀ። አራተኛው መላሽ በቁጣ ነው የገባው። አለመሣልን እንደ ክብር ማቅረቤ አናደደው። ሚያዛኪ በፊልሞቹ ውስጥ የሺህ ሥዕሎችን እርማት በገዛ እጁ እየሠራ ያደረ ሰው መሆኑን አስታወሰን። በሌላው እጅ ላብ ስሙን የተከለ ዳይሬክተር ከሱ ጋር አንድ ሚዛን ላይ ሊወጣ አይገባም ባይ ነው። የኔን ጽሑፍም ለየት ለማለት ብቻ የተጻፈ አድርጎ ቆጠረው።

5. አምስተኛዋ ወዲያው መለሰችለት፤ እሷም ቃል አልቆጠበችም። ሚያዛኪን ሚያዛኪ ያደረገው ማን እንደሆነ ጠየቀችው። ታካሃታ የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙን፣ የልዑል ሆረስን ታሪክ፣ ቶኤ ውስጥ ሲሠራ ዋናው አኒሜተር ያሱኦ ኦትሱካ ነበር። ወጣቱ ሚያዛኪም የትዕይንቶቹን ንድፍ አመጣ። ሁለቱ የተቀራረቡት በስቱዲዮው የሠራተኛ ማኅበር ውስጥ ነው። ታካሃታ ምክትል ሊቀመንበር፣ ሚያዛኪ ጸሐፊ ነበሩ። ፊልሙ ዓመታት ፈጅቶ በ1968 ወጣ፤ ሲኒማ ቤት ውስጥ ግን ብዙ አልቆየም። ታካሃታ ከዚያ በኋላ ለቶኤ ረጅም ፊልም አልመራም።

በ1971 አብረው ከቶኤ ወጡ። በ1974 ስዊዘርላንድ ተራራ ላይ ከአያቷ ጋር የምትኖር ልጅ ታሪክ የሆነውን «ሃይዲ»ን በ52 ክፍሎች ለቴሌቪዥን ሲሠሩ የሁሉንም ክፍሎች የትዕይንት አቀማመጥ የሠራው ሚያዛኪ ነው፤ መሪው ታካሃታ። ከሥራው በፊት ስዊዘርላንድ ድረስ ሄደው ተራራውን፣ ቤቱን፣ ሣሩን አይተዋል። የቴሌቪዥን ካርቱን ለመሥራት በዚያ ዘመን እንዲህ የሚደክም አልነበረም። የሚያዛኪ ፊልሞች የሆኑት የ1984ቱ «ናውሲካ» እና የ1986ቱ «ላፑታ» ፕሮዲውሰርም ታካሃታ ነው። ሚያዛኪ ራሱ ይህን ውለታ አልካደም ብላ ቋጨች። በዚህ ነጥብ ሙሉ በሙሉ ከሷ ጋር ነኝ።

6. ስድስተኛዋ ክርክሩን ትታ ሃይዲ የሚለውን ስም ይዛ ወጣች። ጅዳ ነው ያደገችው። «ሃይዲ»ን በዓረብኛ ድምፅ ነው ያየችው። ጃፓኖች እንደሠሩት አታውቅም ነበር፤ አውሮፓዊ ፊልም ነው ብላ ነው ያደገችው። አያትየው እሳት ላይ አቅልጦ ዳቦ ላይ የሚያደርገው አይብ ምን እንደሚጣፍጥ ስታስብ ትተኛ እንደነበር ጻፈች።

7. ሰባተኛው ስለ አይቡ ብቻ ነው የጻፈው። በአጭሩ፣ እሱም አልረሳውም።

8. ስምንተኛው ከእስራኤል ነው። በሱዳን በኩል አልፎ በልጅነቱ የገባ ሰው ነው። በ1980ዎቹ የእስራኤል ቴሌቪዥን «ማርኮ»ን በዕብራይስጥ ያሳይ እንደነበር ነገረን። የ1976 ሥራ ነው፤ የታካሃታ። ዕብራይስጡ ገና ባይገባውም የመክፈቻውን ዘፈን ከሰፈር ልጆች ጋር አብሮ ይዘፍን ነበር። እናቱን ፍለጋ ባሕር የሚሻገር ልጅ ታሪክ መሆኑን ለመረዳት ቋንቋ አላስፈለገውም። መንገድ ላይ የቀሩ ዘመዶች ነበሩት። ከዚህ በላይ አልጻፈም።

9. ዘጠነኛውን መልስ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ወጣት ነው። እናቱ ቤይሩት በሰው ቤት ሥራ ነበረች፤ እሱ አያቱ ጋር አደገ። «ማርኮ»ን ያየው በቅርቡ ኢንተርኔት ላይ ነው። ታሪኩን ለማያውቁ በአጭሩ ተረከው። ኤድሞንዶ ዴ አሚቺስ ከጻፈው የጣሊያን መጽሐፍ የተወሰደ ነው። ቤተሰቡ ዕዳ ውስጥ ይገባል። እናት ከጄኖቫ ተነስታ አርጀንቲና በሠራተኝነት ልትቀጠር ትሄዳለች። ደብዳቤዋ ይመጣ ይመጣና ይቆማል። ያኔ ልጁ ብቻውን መርከብ ይሳፈራል።

ወጣቱን የነካው ግን መንገዱ አልነበረም። የማርኮ ጠባይ ነው። ማርኮ ይቆጣል፣ ያኮርፋል፣ የረዱትን ሰዎች ያስቀይማል። እናቱ ስትሄድ ሰላም ሊላት እንኳ ይከብደዋል። ናፍቆት ልጅን ጨዋና አንጀት የሚበላ እንደሚያደርገው ብቻ የሚያሳዩ ፊልሞች ለዓመታት ያበሳጩት ነበር። እሱ ራሱ እናቱ ስትደውል ስልኩን ላለማንሳት የሚደበቅ ልጅ ነበር። ይህን ስሜት ከዚህ በፊት ማንም አሳይቶት አያውቅም።

እኔ በመነሻው ላይ ልል የፈለግሁት ይህንኑ ነው። ታካሃታ ልጅን እንድናዝንለት ሲል ብቻ አያሳምረውም። እንዳለ ያሳየናል።

10. እና 11. ሁለቱም ለዘጠነኛው የተጻፉ ናቸው። አንዷ ራሷ አሁን ኩዌት ያለች እናት ነች። ልጇ ስልክ ላይ ዝም የሚላት ለምን እንደሆነ ስታስብ እንደነበር ጽፋ፣ ስለ መልሱ ወንድሜ ብላ አመሰገነችው። ሌላው ሰላምታ ብቻ ነው።

12. አሥራ ሁለተኛው ወደ ጥያቄዬ መለሰን፤ አመላለሱ ግን ሸካራ ነበር። ሴይታን ጥፋተኛ አደረገው። እናቱ ባንክ ያስቀመጠችው 7,000 የን ነበረው። የሚያድርበት የአክስት ቤት ነበረው። ሥራ አልሠራም፤ እሳት ለማጥፋት ከሰፈሩ ጋር አልወጣም። አክስቱ ስትናገረው ኩራቱን ይዞ ሕፃኗን ሐይቅ ዳር ጉድጓድ ውስጥ ወሰዳት። ገበሬው ተመልሰህ ይቅርታ ጠይቅ ብሎ ሲመክረውም አልሰማም። ሴትሱኮን የገደላት ኩራቱ ነው የሚል ነው ፍርዱ።

13. አሥራ ሦስተኛዋ በዚህ ተንገበገበች። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ላይ ጣት መቀሰር ነውር ነው አለች። የእናታቸውን ኪሞኖ በሩዝ ለውጣ የሩዙን ፍሬ ለራሷ ልጅና ለተከራይዋ፣ ውሃውን ለነሱ የቀዳችው አክስትየዋ አይደለችም ወይ? የአሥራ ሁለተኛውን መልስ ልብ የሌለው ሰው ጽሑፍ ብላዋለች። ያ ቃል በዛ፤ እሱም በኋላ ቅር መሰኘቱን ጽፏል።

14. ቀጥሎ የጻፉት ጋሼ ሁለቱንም ልጆቼ ብለው አበረዷቸው። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ ወሎ ውስጥ ልጅ ነበሩ። ወላጅ ያጡ የዘመድ ልጆች ወደ ቤታቸው መጥተው ነበር። እናታቸው ለነዚያ ልጆች የሚሰጡትን ከራሳቸው ልጆች ጋር እኩል ማድረግ አልቻሉም። ክፉ ሴት አልነበሩም። ማታ ማታ በዚያ ነገር ያለቅሱ እንደነበር አስታወሱ። ጋሼ አክስትየዋን ሲያዩ እናታቸውን ነው ያዩት። ሴይታን ሲያዩ ደግሞ አንድ ቀን ሳይናገር ወጥቶ የሄደውን የአጎታቸውን ልጅ። የት እንደደረሰ እስከ ዛሬ አልሰሙም። ለማንም ጥፋት አልሰጡም። ፊልሙን ሁለተኛ ጊዜ ማየት እንደማይችሉ ብቻ ተናገሩ።

15. አሥራ አምስተኛው የኔ ነው። ታካሃታ ራሱ የተናገረውን ይዤ ነው የገባሁት። ፊልሙን ሲሠራ ያሰበው በ1980ዎቹ የነበሩትን የጃፓን ወጣቶች ነው። ከሰው ጋር መስማማት ሲከብድ ጥሎ መውጣትን፣ ከሚወዱት ጋር ብቻ ትንሽ ዓለም ሠርቶ መዘጋትን በነሱ ውስጥ ያይ ነበር። ሴይታም የሚያደርገው ያንን ነው። ለጥቂት ቀናት ያ ትንሽ ዓለም ውብ ነው። በኋላ ይገድላል።

ለዚህ ነው ፊልሙ ከሞቱ የሚጀምረው። ሴይታ ሴፕቴምበር 21 ቀን 1945 ሌሊት ሳኖሚያ ባቡር ጣቢያ ውስጥ ይሞታል፤ ይህን የሚነግረን ራሱ ነው። ከዚያ በቀይ ብርሃን ውስጥ ቆሞ የገዛ ሕይወቱን እንደገና ያያል። አሥራ ሁለተኛው የዘረዘራቸው ስህተቶች በሙሉ እውነት ናቸው፤ ሴይታ ራሱ እየተመለከታቸው ነው። መጽሐፉን በ1967 የጻፈው አኪዩኪ ኖሳካ በጦርነቱ ማብቂያ ሰሞን ታናሽ እህቱ በረሃብ ሞታበታለች። ሴይታንም እሱ ለእህቱ ከነበረው የተሻለ ደግ ወንድም አድርጎ ጻፈው። የጸጸት መጽሐፍ ነው። ታካሃታም ጸጸቱን አላለሳለሰውም። ጦርነቱን ብቻ ብንከስ እኛ ንጹሕ ሆነን እንወጣለን፤ ታካሃታ በዚህ በር እንድንወጣ አልፈለገም።

16. አሥራ ስድስተኛው ይህን አንብቦ ብዙ አልተዋጠለትም። ስለ ሰው ርኅራኄ የምታወሩለት ሰውዬ አብረውት የሠሩትን ሰዎች ምን እንዳደረገ እንይ ብሎ ጀመረ። «ፋየርፍላይስ» ሥራው ስላልደረሰ የተወሰኑ ቦታዎች ቀለም ሳይቀቡ ነው ሲኒማ የገባው። ስለ ያናጋዋ ከተማ የውሃ ቦዮች ሊሠራ የተነሳው ሥራ ዓመታት ፈጅቶ የረጅም ሰዓት ዘጋቢ ፊልም ሆኖ በ1987 ወጣ። ገንዘቡን የሸፈነው ሚያዛኪ ከ«ናውሲካ» ያገኘውን አውጥቶ ነው። የ1999ኙ «ያማዳስ» ታካሃታና ሚያዛኪ ለመሠረቱት ለስቱዲዮ ጂብሊ ኪሳራ ሆነ። «የልዕልት ካጉያ ታሪክ» ስምንት ዓመት እና 5 ቢሊዮን የን ያህል በላ፤ ከቲኬት የገባው ግን ግማሹን ያህል ነው። በመጨረሻ ከባዱን ነገር አነሳ። የ«ፋየርፍላይስ» እና የ«ኦንሊ የስተርደይ» ዋና ሣይ ዮሺፉሚ ኮንዶ በ1998 በ47 ዓመቱ በደም ሥር መቀደድ ሞተ። ፕሮዲውሰሩ ቶሺዮ ሱዙኪ ታካሃታ ሰዎቹን ከአቅም በላይ ያደክም እንደነበር በአደባባይ ተናግሯል። ከሠራተኛ ማኅበር ምክትል ሊቀመንበር ይህ አይጠበቅም ሲል ዘጋ።

17. አኒሜተሩ፣ ሦስተኛው፣ ተመልሶ መጣ። አልተከራከረም። ኮንዶ «ዊስፐር ኦቭ ዘ ሃርት»ን በ1995 ራሱ መርቶ ብዙዎች የጂብሊ ተተኪ አድርገው ያዩት ሰው እንደነበር ጨመረ። ጥሩ ዓይን ያለው መሪ ሁሉ ይህን አደጋ ይዞ እንደሚሄድ ከራሱ ሥራ ያውቃል። አሁንም ትንሽ ይቅር፣ አሁንም ይሻሻል ሲባል የሚያድረው ሣዩ ነው። አራተኛው በዚህ ተነስቶ ከመጀመሪያውም ይህን ብያለሁ ብሎ ጻፈ፤ እውነቱን ነው፣ ብሎ ነበር።

የኔን አቋም ደብቄ ማለፍ አልፈልግም። የታካሃታን ፊልሞች ከማንም በላይ እወዳለሁ። የኮንዶ ነገር ደግሞ ያመኛል። ፊልሞቹ ስላማሩ ያ ድካም ተገቢ ነበር የሚለውን ክርክር አልቀበልም።

18. አሥራ ስምንተኛዋ ስለ «ካጉያ» ብቻ ልትናገር መጣች። ልዕልቲቱ በድግሱ ሌሊት ቤቱን ጥላ የምትሮጥበትን ቦታ ደጋግማ አይታዋለች። መስመሩ ይሻክራል፣ ቀለሙ ይጠፋል፣ ልብሷ እየተወረወረ ይቀራል፤ ሥዕሉ ራሱ የተናደደ ይመስላል። ሥዕል የማይሥል ሰው መስመርን እንዲህ ማናገሩ ገርሟታል። ፊልሙ ለኦስካር ታጭቶ በ2015 አላሸነፈም። ታካሃታም ሌላ ረጅም ፊልም ሳይመራ አፕሪል 5 ቀን 2018 በሳንባ ካንሰር በ82 ዓመቱ አረፈ። በሜይ አጋማሽ በጂብሊ ሙዚየም በተደረገው ስንብት ላይ ሚያዛኪ እያለቀሰ ንግግር አደረገ። መጀመሪያ የተገናኙበትን ዝናብ ያባራበትን የአውቶቡስ ፌርማታ አስታወሰ።

19. አንዱ ከየት ልጀምር ብሎ ጠየቀ።

20. አምስተኛዋ መለሰችለት። በ«ፋየርፍላይስ» እንዳይጀምር መከረችው፤ በ2024 ኔትፍሊክስ ላይ ስለወጣ ማግኘቱ ቀላል ነው፣ ግን ይቆይ። መጀመሪያ «ኦንሊ የስተርደይ»፣ ቀጥሎ «ካጉያ»። ትናንሽ ልጆች ካሉት ደግሞ ከሚያዛኪ ጋር በ1972 የሠሩት የፓንዳዎቹ አጭር ፊልም አለ፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። «ማርኮ»ን ለማየት 52 ክፍል ትዕግሥት ይጠይቃል። ስድስተኛዋም «ሃይዲ»ን በዓረብኛ የያዘ ሰው ካለ እንዲልክላት ጠይቃለች። እስካሁን የመለሰላት የለም፤ ያላችሁ እዚሁ ጻፉላት።